እርከን ሠራን፣ ኩሬ ቆፈርን፤ ወንዙ ግን አልተመለሰም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመንደራችን የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ዓመቱን ሙሉ ይፈስ የነበረው ወንዛችን አሁን ዝናቡ ካበቃ ሁለት ወር ሳይሞላው አሸዋ ብቻ ይሆናል። ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ሦስት ዓመት ተራራው ላይ እርከን ሠራን፣ ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር ዘጋን፣ ሁለት ኩሬ ቆፈርን። ሣሩ ተመልሷል፤ ጎርፉም ቀንሷል። ወንዙ ግን ጭራሽ ካለፈው ዓመት ቀድሞ ደረቀ፤ የእጅ ጉድጓዶቻችንም ውሃ እየሸሻቸው ነው። ወጣቶቹ «ድካማችን ከንቱ ቀረ» ይላሉ። ገሚሱ ሰው ደግሞ ገንዘብ አዋጥተን ጥልቅ ጉድጓድ እናስቆፍር ባይ ነው። የተሳሳትነው ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እርከኑ፣ ስለ ክትሩና ስለ ኩሬው በደንብ ነግረውኛል። በመንደሩ ስንት የውሃ መሳቢያ ሞተር እንዳለ ግን አንድም ቃል የለም። መልሱን የምፈልገው እዚያ ነው።

በሥራችሁ አልተሳሳታችሁም። ሣሩ መመለሱና ጎርፉ መቀነሱ ውሃው ወደ መሬት መስረግ እንደጀመረ ያሳያል፤ ይህንን ለወጣቶቹ ዛሬውኑ ይንገሩልኝ። ጥያቄው የሰረገው ውሃ ወንዙ ጋ ሳይደርስ ማን ወሰደው የሚለው ነው።

ሰማዩ ጠርቶ ወራት ካለፉ በኋላ በወንዝ ውስጥ የምናየው ውሃ ዝናብ አይደለም። በዳርና ዳር ካለው መሬት ሥር ቀስ እያለ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የመሬት ውስጡ ውሃ ከወንዙ ወለል ከፍ ብሎ እስከቆመ ድረስ መሬቱ ወንዙን ይመግባል። ከወለሉ በአንድ ክንድ ዝቅ ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ወንዙ መሬቱን መመገብ ይጀምራል፣ ከላይ የመጣውም ውሃ አሸዋው ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ከመሬት በታች ገና ብዙ ውሃ እያለ እንኳን ወንዝ ሊደርቅ ይችላል። ያ አንድ ክንድ ነው ሁሉንም የሚወስነው።

አሁን አብረን እናስላ። በሰከንድ 5 ሊትር የሚስብ አንድ ሞተር በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 144,000 ሊትር ያወጣል። ርዝመቱ 30፣ ስፋቱ 20፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ኩሬ አፉ ድረስ ቢሞላ የሚይዘው 1,800,000 ሊትር ነው። ስንት ሰው ስንት ቀን የቆፈረውን ኩሬ አንድ ሞተር በ12 ቀን ተኩል ያወጣዋል ማለት ነው። በመስኖ ከፈሰሰው ጥቂቱ ተመልሶ እንደሚሰርግ አውቃለሁ፤ አብዛኛው ግን በሰብሉ በኩል ወደ ሰማይ ይሄዳል። ሞተሮቹ ዐሥር ቢሆኑስ? ነዳጅ ሲወደድ ሰው ሞተሩን ያጠፋ ነበር። የፀሐይ ኃይል ሞተር ሲመጣ ያም ልጓም ተፈታ፤ ፀሐይ እስካለች ይስባል። ቴክኖሎጂውን መንቀፌ አይደለም፣ ገበሬውን ከብዙ ወጪ አሳርፎታል። ግን ልጓሙን አሁን ራሳችን መሥራት አለብን።

ወንዝ ሞቶ ሲመለስ በዓይኔ ባላይም፣ በሙያችን ደጋግመን የምናነሳው የህንዱን የአርቫሪ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ራጀንድራ ሲንግ ከጓደኞቹ ጋር በራጃስታን ግዛት ወደ አልዋር ሲሄድ ሐሳቡ ሰዎችን ማከምና ማስተማር ነበር። አንድ የመንደር ሽማግሌ የቸገራቸው ውሃ እንደሆነ ነገሩት፤ እሱም አካፋ አንስቶ መቆፈር ጀመረ። የቆፈሩት አዲስ ነገር አልነበረም፣ አያቶቻቸው ጆሃድ የሚሉትን የአፈር ግድብ ነው። በአርቫሪ ተፋሰስ ብቻ ይህን የመሰሉ 375 ያህል ማቆሪያዎች ተሠሩ፤ ወንዙም በ1995 ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ሆነ። ከመጀመሪያው ጆሃድ ዐሥር ዓመት ገደማ ማለት ነው። የእናንተ ሦስት ዓመት አጭር እንደሆነ ከዚህ ይገባዎታል።

እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ወንዙ ሲመለስ የሚሻማበትም በዛ። ስለዚህ በ1999 ከ70 በላይ መንደሮች የአርቫሪን ፓርላማ አቋቋሙ። ማን ምን ያህል ይሳብ፣ ውሃ የሚጨርስ እንደ ሸንኮራ አገዳ ያለ ሰብል ይተከል ወይስ ይቅር የሚለውን የተነጋገሩት እዚያ ነው። በማሃራሽትራ ግዛት ሂዋሬ ባዛር የምትባል መንደርም አለች። እዚያ እርከንና ክትር ሲሠሩ ለመስኖ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈርን አብረው ከለከሉ። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያበቃ የዘነበውን ለክተው መጀመሪያ ለሰውና ለከብት ይመድባሉ፤ የትኛው ሰብል እንደሚዘራ የሚወሰነው በተረፈው ነው። ዝናቡ ያነሰ ዓመት ሁሉም እኩል ያንሰዋል።

ጥልቅ ጉድጓዱን በተመለከተ፣ እኔ ራሴ ጉድጓድ በማስቆፈር ሥራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ በቀላሉ «ተዉት» ማለት አልችልም። የሚጠጣ ውሃ ከጠፋ ሰው ይቆፍራል። ግን አንድ ነገር ላውጋዎት። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከአንድ ምንጭ በላይ ጥሩ ጉድጓድ አወጣን፤ ሰው በደስታ ተቀበለን። በሁለተኛው ዓመት በጋ ለክትትል ስመለስ አንዲት እናት ምንጩ ዳር ቁጭ ብለው የምትንጠባጠበዋን ውሃ በጣሳ ይጠብቃሉ። «ልጄ፣ ውሃችንን ወደ ላይ ወሰዳችሁት እንዴ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ መሰርሰሪያው ከመተከሉ በፊት በዙሪያው ያለውን ምንጭና የእጅ ጉድጓድ ሳልለካ ሥራ ጀምሬ አላውቅም። ጥልቁና ጥልቀት የሌለው ውሃ ከተገናኙ፣ መጀመሪያ የሚደርቀው ለመቆፈር አቅም የሌለው ሰው ጉድጓድ ነው። ባይገናኙም የታችኛው ውሃ ለመተካት እጅግ ረጅም ዘመን የሚፈጅበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ለመጠጥ ብቻ፣ ከልኬት በኋላ፣ ከወንዙ ርቆ ከሆነ እንነጋገርበት። ለመስኖ ግን አሁን አይሆንም።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ከገመድ። ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት፣ በየሜትሩና በየግማሽ ሜትሩ ምልክት ያለው ገመድ ያዘጋጁ። ከተፋሰሱ ራስጌ እስከ ግርጌ ዐሥር ያህል ጉድጓዶች ምረጡ። በየ15 ቀኑ ጎህ ሲቀድ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ሁልጊዜ ከጉድጓዱ አፍ ከአንድ ቦታ ለኩ። ሞተር ከተነሳ በኋላ የተወሰደ ልኬት ያሳስታችኋል፤ ሲሳብ ውሃው በጉድጓዱ ዙሪያ እንደ ቁና ተጎድጉዶ ይወርዳልና። ወንዙ በየመሻገሪያው መፍሰስ ያቆመበትን ቀንም መዝግቡ። ልኬቱን ሰው ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ጻፉት፣ በኮሚቴው መዝገብ ውስጥ ተዘግቶ አይቅር። በህንድ አንድራ ፕራዴሽ በመቶዎች የሚቆጠሩ መንደሮች ገበሬዎች የጉድጓዳቸውን ውሃ ራሳቸው እየለኩ የሚዘሩትን እስከ መቀየር የደረሱት ቁጥሩን የጻፈው የገዛ እጃቸው ስለነበረ ነው።

ሥራውን ደግሞ ድካማችን ከንቱ ነው ላሉት ወጣቶች ስጧቸው። ከእርከኑ ግርጌ ያለው ጉድጓድና እርከን ካልተሠራበት ተዳፋት በታች ያለው ጉድጓድ ከዝናቡ በኋላ እኩል ይወርዱ እንደሆነ ራሳቸው ይዩት።

ሞተር ያላቸውን ሰዎች ከስብሰባው አታርቋቸው። ምናልባት ከኮሚቴው አባላትም ሞተር ያለው አለ፤ ካለ ስለ ራሱ ሞተር ቀድሞ ይናገር። የመጀመሪያው ጥያቄ ከባድ አይሁን። ወንዙ ዳር ያሉት ሞተሮች ለአንድ በጋ በተራ ይሳቡ፣ ከወንዙ ራቅ ያሉት ይቀጥሉ። ወንዙ ዳር ያለው ሞተር ወደ ወንዙ ሊወጣ የደረሰውን ውሃ ስለሚጠልፍ፣ ለውጥ ካለ ቶሎ የሚታየው እዚያ ነው።

የመጀመሪያውን ልኬት መጪው ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ይውሰዱ። የዐሥሩን ጉድጓድ ቁጥርና የሞተሮቹን ብዛት ይላኩልኝ፤ የት የት እንዳሉ በእጅ በተሳለ ካርታ ላይ ምልክት ቢያደርጉልኝ ደግሞ በሚቀጥለው እትም ከየትኛው ሞተር መጀመር እንዳለባችሁ አብረን እናያለን።