አሜሪካ ላሉ ወላጆች፦ ልዩ ትምህርት ለሚያስፈልገው ልጅ (ጥያቄና መልስ)

እዚህ አሜሪካ በመንግሥት ትምህርት ቤት ልዩ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። አበሻ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመቱን አልፏል፣ ብዙም አያወራም። "ሁለት ቋንቋ ተደባልቆበት ነው፣ ይለቀዋል" አሉኝ። ልጠብቅ?

አትጠብቂ እህቴ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም። ችግሩ እውነተኛ ከሆነ በአማርኛውም ይታያል። ውሃ ሲጠማው በቃል ይጠይቅሻል ወይስ እጅሽን ይዞ ወደ ፍሪጁ ይጎትትሻል? ይህን ለትምህርት ቤቱ ሰዎች ንገሪያቸው። በሌላ በኩል ደግሞ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ "የአካል ጉዳት አለበት" ሊሉት አይችሉም። ልዩ ትምህርት ያስፈልገው እንደሆነ የሚያዩበት ግምገማም እስከተቻለ ድረስ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ መደረግ አለበት። አማርኛውንም እንዳታቋርጪበት፣ ከአያቱ ጋር በምን ሊያወራ ነው?

ጥያቄ፦ ግምገማ እንዲደረግለት አስተማሪዋን በቃል ስነግራት ከረምኩ። "እስቲ እናያለን" ብቻ ነው መልሷ።

የቃል ነገር ማስረጃ የለውም ወንድሜ። ኢሜይል ጻፍ፣ ቀኑ ይመዘገባል። "ልጄ ንባብ ላይ እየተቸገረ ስለሆነ ለልዩ ትምህርት ሙሉ ግምገማ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ" ካልክ ይበቃል፣ እንግሊዝኛህ ቢሰባበርም ግድ የለም። ከዚያ ወይ የፈቃድ ፎርም ይሰጡሃል፣ ወይ እምቢ ያሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ያሳውቁሃል። የፌዴራሉ ሕግ ግምገማው በ60 ቀን ይለቅ ይላል፣ የራሳቸውን ቀን የወሰኑ ግዛቶችም አሉ። ልብ በል፣ 60 ቀኑ የሚቆጠረው የፈረምከውን ፎርም ትምህርት ቤቱ ከተቀበለበት ቀን ነው። ፎርሙ የልጁ ቦርሳ ውስጥ ከምሳ ዕቃው ጋር ከከረመ ቆጠራው አልተጀመረም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አሳይለም ላይ ነን፣ ወረቀታችን ገና ነው። ይከለክሉናል?

አይከለክሉም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወስኖታል፣ ልጅ በወረቀት ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት አይባረርም። አገልግሎቱም ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪም ኦቲዝም ነው ብሎ ጽፎልን ትምህርት ቤቱ "አያሟላም" አለን። እንዴት ይሆናል?

ይሆናል። የሐኪም ወረቀት ብቻውን አይበቃም፣ ችግሩ ትምህርቱን እንደነካው መታየት አለበት። በግምገማቸው ካልተስማማችሁ ግን በእነሱ ወጪ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲያየው በጽሑፍ ጠይቁ። ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ ግምገማችን ትክክል ነው ብለው ችሎት ሊያስረዱ ነው። ጎን ለጎን 504 ስለሚባለው እቅድም ጠይቁ፣ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓትና የመሳሰለውን ሊሰጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ የአይኢፒ (ለልጁ የሚጻፈው የልዩ ትምህርት እቅድ) ስብሰባ ላይ ከበውኝ በፍጥነት ያወራሉ። ሳይገባኝ ፈረምኩ። አለቀ?

አላለቀም። በፈለግሽ ጊዜ እንደገና እንሰብሰብ ማለት ትችያለሽ፣ ባትጠይቂም እቅዱ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይከለሳል። ቀድመሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ክፍያው የእነሱ ነው። ትልቋ ልጅሽ አታስተርጉም፣ ይህን ሳይ በጣም ነው የሚከፋኝ። ወረቀቱን ቤት ወስጄ ላንብበው በይ። ስታነቢ ግቦቹ ላይ ቆም በይ። "ንባቡ ይሻሻላል" ምንም ማለት አይደለም፣ ማን ይለካዋል? "እስከ ሰኔ ድረስ የሁለተኛ ክፍል ጽሑፍ በደቂቃ 80 ቃል ያነባል" የሚለው ግን ይለካል። ስፒች ቴራፒውም (የንግግር ሕክምናው) በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ለብቻው ይሁን በቡድን፣ ተጽፎ እይው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ "ልጄን ከዘገምተኞች ጋር ሊዘጉት ነው፣ ሰውስ ምን ይላል" ብሎ እምቢ አለ።

ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው፦ እስከተቻለ ድረስ ከሌሎቹ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ይማር። ብዙ ልጆች ለጥቂት ሰዓት ብቻ ወጥተው ይመለሳሉ። ፋይሉ ደግሞ ምስጢር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ያሉት እንዲያውቁ ካልፈለጋችሁ አያውቁም። የመጀመሪያው አገልግሎትም ያለ ወላጅ ፊርማ አይጀመርም፣ ስለዚህ ባልሽን ስብሰባው ላይ ይዘሽው ሂጂና ራሱ ይጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። የት ልሂድ?

ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ሌላ ፕሮግራም አለ፣ የሐኪም ደብዳቤ ሳትጠብቂ ራስሽ ደውለሽ ታስመዘግቢያታለሽ። የስልኩን ቁጥር የሕፃናት ሐኪሟ ቢሮ ይሰጥሻል። በየግዛቱ ወላጆችን በነፃ የሚያማክር የወላጆች ማዕከልም አለ። ስትደውዪ መጀመሪያ "አማርኛ አስተርጓሚ" በያቸው።