ጥቁሩ መስኮት ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ሰላም ወንድሜ። የአባትህ የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው፣ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ሲስተም) የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ለዓመታት ሲሠራ ኖሮ፣ ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጠህ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ስታደርገው ሾርትካቱ ጥቁር መስኮት ብልጭ አድርጎ ይጠፋል ብለሃል። ፎርማት አድርገው ያሉህን አትስማ፣ ምንም አይፈይድልህም። እኔ በዚሁ ጣጣ ሶማሌ ተራ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጫለሁ፤ ያየሁትን ልንገርህ። ብቻ ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት ፎልደሩን እንዳለ ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጥ።

የእኔ የመጀመሪያ ስህተት ሾርትካቱን ደጋግሞ መጫን ነበር። መስኮቱ ከመጥፋቱ በፊት ምን እንደጎደለ ጽፎልሃል፤ ዊንዶውስ ግን ሳታነበው ዘጋው። ስለዚህ ሾርትካቱን ተወውና ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ክፈት፤ በሲዲ (cd) ትእዛዝ ወደ ፎልደሩ ግባና የፕሮግራሙን ስም ራስህ ጻፍ። አሁን መስኮቱ አይዘጋም፣ መልእክቱም ፊትህ ይቀመጣል።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ነበር፣ ሁለቱም የየራሳቸው በሽታ ነበራቸው። የሒሳብ ሠራተኛዋ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ነበራት። እሷ ጋ ፕሮግራሙ ይነሳና የዳታ ፋይሉን አላገኘሁም ብሎ ይወጣል። ፋይሉ እዚያው አጠገቡ ተቀምጧል! ሾርትካቱን ራይት ክሊክ አድርጌ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስገባ "ስታርት ኢን" የሚለው ቦታ የድሮውን ኮምፒውተር ዲ ድራይቭ ይዞ አገኘሁት። የዶስ ዘመን ፕሮግራሞች ፋይላቸውን የሚፈልጉት እነሱ የተቀመጡበት ፎልደር ውስጥ ሳይሆን ሲነሱ የቆሙበት ፎልደር ውስጥ ነው። ያንን ቦታ ወደ ትክክለኛው ፎልደር ቀየርኩት፣ አለቀ። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ባች ፋይልን (ትእዛዞች በተርታ የተጻፉበትን ፋይል) "ራን አዝ አድሚኒስትሬተር" ብለህ ስታስነሳ የሚቆመው ሲስተም32 ፎልደር ውስጥ ነው። መፍትሔው ባች ፋይሉ አናት ላይ ወደ ፎልደሩ የሚወስድ የሲዲ መስመር መጨመር ነው።

ፎልደሩንም ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አታስገባው። ከቪስታ ወዲህ ዊንዶውስ አሮጌ ፕሮግራም እዚያ ሲጽፍ ጽሑፉን ቨርቹዋልስቶር ወደሚባል፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ለየብቻ ወደተሰጠ ፎልደር ሊያዞረው ይችላል። ያኔ አንተ ያስገባኸውን ዕቃ እህትህ በራሷ አካውንት ስትገባ አታየውም። ሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ፣ ከስምንት ፊደል ባልበለጠ፣ ክፍተት በሌለው ስም አስቀምጠው።

የባለቤቱ አዲስ ኮምፒውተር ግን 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ነበር፤ ያንተም ይህ ይመስለኛል። እዚያ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ የወጣው ፕሮግራሙ ከዚህ ዊንዶውስ ጋር አይስማማም የሚል ነበር። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሾርትካት የሚጠራው ባች ፋይል ስለነበር ነው ብልጭ ብሎ የሚጠፋው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ የዶስ ፕሮግራም 16 ቢት ነው፤ 32 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ ኤንቲቪዲኤም በሚባል ክፍል ያስነሳዋል፤ ያ ክፍል የሚሠራበት የፕሮሰሰር ባሕርይ በ64 ቢት ሞድ የለም። ስለዚህ ኮምፓቲቢሊቲ ታብ ላይ ኤክስፒን መምረጥ ድካም ብቻ ነው፤ እኔ ሰዓት ሙሉ ፈጅቼበታለሁ። ከኤክስፒ የመጣው ሾርትካትም ፒአይኤፍ ፋይል (የዶስ ፕሮግራም ሾርትካት) ከሆነ ሰርዘው፣ እዚህ አይጠቅምም። 32 ቢት ዊንዶውስ 10 ጭኜ ልገላገል እንዳትል፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ 32 ቢት የለውም።

ያዳነኝ ዶስቦክስ ነው፤ የዶስ ኮምፒውተርን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፣ ነፃ ነው። ኮንፊግ ፋይሉ (የማስተካከያ ፋይሉ) መጨረሻ ላይ "ኦቶኤክሴክ" (autoexec) የሚል ክፍል አለ። እዚያ ሥር በየመስመሩ፣ መጀመሪያ ፎልደሩን ሲ ድራይቭ የሚያደርገውን የማውንት ትእዛዝ፣ ቀጥሎ ወደ ሲ መግቢያውን፣ ከዚያ የፕሮግራሙን ስም፣ በመጨረሻ ኤግዚት ጻፍኩ። የድሮው ባች ፋይል ውስጥ "ሴት" (set) ብለው የሚጀምሩ መስመሮች ካሉ ከፕሮግራሙ ስም በፊት አስገባቸው፤ ክሊፐር በሚባለው የዶስ ዘመን የፕሮግራም መጻፊያ የተጻፉ ፕሮግራሞች ይፈልጓቸዋል። አዲሱን ሾርትካት ስትሠራ ታርጌቱ ላይ የዶስቦክስን አድራሻ፣ ከዚያ ሰረዝና ኮንፍ (-conf)፣ ከዚያ የኮንፊግ ፋይሉን አድራሻ አድርግ። ሁለቱንም አድራሻዎች ለየብቻ በጥቅስ ክበባቸው፤ የኔን ሦስት ጊዜ ያበላሸው ይህ ጥቅስ ነው።

ዶስቦክስ የተሠራው ለድሮ ጌሞች መሆኑን ግን አትርሳ። ሁለት ሰው በኔትወርክ ባንድ ጊዜ አንድ ፋይል ላይ እንዲጽፍ አታድርግ፣ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ተራው ዶስቦክስ ፕሪንትም አያደርግም፤ ደረሰኝ የምታትሙ ከሆነ ዶስቦክስ ኤክስ የሚባለውን ውሰድ፣ እሱ ኤልፒቲ1 (የድሮው የፕሪንተር መውጫ) ላይ የሚላከውን ወደ ዊንዶውስ ፕሪንተር ማስተላለፍ ይችላል።

"ለምን አዲስ ሶፍትዌር አይገዙም?" ላልከው ወዳጃችን፦ እኔም ባለቤቱን ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። "ጳጉሜን የሚቀበል አምጣልኝ" አሉኝ። ለካ ፕሮግራሙን የጻፈላቸው ልጅ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚያስቀምጠው፤ 13ኛው ወርም የካቲት 30ም ያለ ጥያቄ ይገባሉ። ሌላ ሰው ያሳያቸው አዲስ ፕሮግራም የካቲት 30ን ስህተት ነው ብሎ መልሶባቸዋል።

አሁን ኮማንድ ፕሮምፕቱ ላይ የሚወጣልህን መልእክት በስልክህ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ገብተህም 32 ይሁን 64 ቢት እይልን።