«ሳረጅ እቆርባለሁ» ማለት ይገባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። 34 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ለመቁረብ አስበን ለእናቴ ብነግራት፣ «ተይ ልጄ፣ ገና እሳት ነሽ። ሰው ሲኖር ያውቃል፣ ሲያውቅ ይሰክናል። ያኔ ትቆርቢያለሽ» አለችኝ። እናቴ ብዙ ያየች ሴት ናት፤ ቃሏን መናቅ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ማክበርሽ ደስ ብሎኛል። እሷም ይህን ያለችው ቅዱስ ቁርባኑ እንዳይደፈር ፈርታ ነው። ዝግጅቱን ታውቂዋለሽ፣ አልደግመውም። የማነሣው ዕድሜ በራሱ ሰውን ያሰክናል የሚለውን አሳብ ነው። ከመንዝ እስከ ቡልጋ በሄድኩበት ሁሉ ይገጥመኛል።

ሰሎሞንን ተመልከቺ። ጥበብን ለምኖ የተሰጠው ገና ወጣት ሳለ ነው። ልቡ ወደ ጣዖት ያዘነበለው ግን በሸመገለ ጊዜ ነው (1ኛ ነገ. 11፥4)። መዝሙረኛውም «ከሽማግሌዎች ይልቅ አስተዋልሁ» ሲል ምክንያቱ ትእዛዝህን ስለፈለግሁ ነው ይላል (መዝ. 118፥100)። ዕድሜውን አላነሣም።

ቂመኛ ወጣት ንስሐ ካልገባ ቂመኛ ሽማግሌ ነው የሚሆነው። ሳይታረም የከረመ ማሳ አረሙ ይበረታል እንጂ አይጠፋም። ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ከሚገቡት መካከል «ከወንድሜ ጋር እታረቃለሁ ስል ሞተብኝ» ብለው የሚያለቅሱ አረጋውያን አሉ። ዕርቁን ለእርጅና ያቆዩት ናቸው። ልቤን የሚሰብረኝ ይህ ነው።

የኑሮ ልምድ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። መከራ ትዕግሥትን ያደርጋል ብሎናል ሐዋርያው (ሮሜ 5፥3)። ግን ያለፈብንን ይዘን «ምን አጠፋሁ? እግዚአብሔር ምን አስተማረኝ?» ካላልን ዓመቱ ያልፋል እንጂ እኛ አንማርም። ይህን ጥያቄ ደግሞ በ34 ዓመትም መጠየቅ ይቻላል። ቁጣ ካለብሽ፣ ዛሬ ማታ ልጆችሽ ላይ የጮኽሽውን ለነፍስ አባትሽ ተናገሪ። ጥበብ የሚጀምረው እዚያ ነው። እናትሽንም በኑሮዋ የተማረችውን ጠይቂያት፤ ብዙ ታተርፊያለሽ።

ሌላም አለ። ወንዱን በ40 ቀኑ፣ ሴቷን በ80 ቀኗ ስታስጠምቂ ያን ዕለት አቁርበሻቸዋል። ያኔ ምን ጥበብ ነበራቸው? ጌታ «ሥጋዬን የበላ ደሜንም የጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው» ሲል (ዮሐ. 6፥54) የዕድሜ ገደብ አላስቀመጠም። ለሽምግልና የሚቀመጥ ጡረታ አታድርጉት!

ከባለቤትሽ ጋር ወደ ነፍስ አባታችሁ ሂዱ። ቀኖናውንም ጊዜውንም እሳቸው ይነግሯችኋል። እናትሽ ቆርባ እንደሆነ ግን አልነገርሽኝም። ካልቆረበች እሷንም ይዘሻት ሂጂ።