የጥላሁን ገሠሠ ጥበብ ከድምፁ ጉልበት ባሻገር

ጥያቄ፦ የጥላሁን ገሠሠ ታላቅነት በተፈጥሮ በታደለው ኃይለኛ ድምፅ ላይ ብቻ የቆመ ነው የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። የእናንተ አስተያየት ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የድምፁ ብርታት አያከራክርም፤ እኛ ግን ከዚያ የምናስቀድመው ለቃል የነበረውን ክብር ነው። ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ከኋላው እየጮኹ እንኳ እያንዳንዱ ስንኝ ጥርት ብሎ ይደመጣል፤ ሐዘን ወይም ናፍቆት በሚበረታበት ስፍራ ድምፁን ይስበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ግጥሙ እርጋታ ሲሻ ደግሞ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለው ልክ በተፈጥሮ ስጦታ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በሀገር ፍቅር ቴአትር ተጀምሮ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የበሰለ የመድረክ ሥራ ውጤት ነው። ከ1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ መታሰሩም ከመድረክ ለዘለቄታው አላራቀውም።

ግጥምና ዜማውን በአብዛኛው የደረሱለት ሌሎች ባለሙያዎች ስለሆኑ፣ ክብሩን ከእነርሱ ጋር መጋራቱ ተገቢ ነው ብለን በጽኑ እናምናለን። በልጅነቱ ወሊሶ ያደገው ጥላሁን ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛም ስላዜመ፣ አድማጩ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ ብቻ አልነበረም። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ካረፈ በኋላም የእርሱን ዘፈኖች በንጽሕና መጫወት ለጀማሪ ድምፃውያን ከባዱ ፈተና ሆኖ ቀጥሏል።