የዩኒቨርሲቲ ግቢ ለምትነድፉ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ከከተማ ወጣ ያለ ሰፊ መሬት ተሰጥቷችሁ ዩኒቨርሲቲ ንደፉ ከተባላችሁ፣ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን የኧርቫይን ግቢ ማስተር ፕላን፣ ማለት አጠቃላይ የግቢውን ንድፍ፣ ዘርግታችሁ አጥኑ።

የአካባቢው ባለመሬት የኧርቫይን ኩባንያ 1,000 ኤከር (400 ሄክታር ገደማ) የእርሻና የግጦሽ መሬት በ1 ዶላር ሰጠ፤ ዩኒቨርሲቲው 510 ኤከር ገዝቶ ጨመረ። አርክቴክቱ ዊልያም ፔሬራ መሃሉን ክብ መናፈሻ አደረገው፤ በዙሪያው 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግረኛ ቀለበት አዞረ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሆኑት ሕንፃዎች ወደ መናፈሻው ተጠጉ፤ የምርምሩ ወደ ውጭ ተመደበ። እያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ ከመናፈሻው ወደ ውጭ የሚዘልቅ የራሱ ቦታ ስላለው፣ አንዱ ሲሰፋ የሌላውን መሬት አይነካም። ብልህ ሐሳብ ነው።

የከበደው መጀመሪያው ነው። ፕላኑ ለ27,500 ተማሪ ተነድፎ፣ ግቢው በጥቅምት 1965 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የገቡት 1,589 ነበሩ። ጥቂቶቹ ሕንፃዎች ለየዘርፋቸው በተመደበው ቦታ ተበታትነው ቆሙ፤ በመካከላቸው ያለው ሜዳ ለዓመታት ባዶውን ከረመ። ስለዚህ ሦስት የንድፍ ሉህ ሥሩ፦ የመክፈቻው ቀን፣ አሥረኛው ዓመት፣ ሙሉው ግቢ። ብዙዎች ሦስተኛውን ብቻ አሳምረው ያቀርባሉ፤ አለቆችም የሚወዱት እሱን ነው። እናንተ ግን በመጀመሪያው ሉህ ላይ ያሉትን ሕንፃዎች አቀራርቧቸው።

ከዚያ እርምጃ ቁጠሩ። ሰው በደቂቃ 80 ሜትር ያህል ይራመዳል። በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል 10 ደቂቃ ቢኖር፣ ከክፍል መውጣትና ደረጃ መውረድ 3 ወይም 4 ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚተርፈው ለ500 ሜትር ገደማ ነው። በኧርቫይን ቀለበት ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሕንፃዎች በዙሪያው ሲሄዱ 800 ሜትር፣ መናፈሻውን ሲያቋርጡ 500 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ስለዚህ የማቋረጫ መንገዶቹ ከመክፈቻው በፊት ይነጠፉ፤ መብራትም ይግባላቸው።

የውሃና የኤሌክትሪክ መስመሮቹን ሰው ቆሞ በሚሄድበት ዋሻ፣ ከቀለበቱ ሥር ማሳለፍንም ከኧርቫይን ቅዱ። መጀመሪያ ላይ ውድ ነው፤ ነገር ግን ሕንፃ በተጨመረ ቁጥር መንገድ ከመቆፈር ያድናል።

የኧርቫይን ግቢ የመጀመሪያው ቻንስለር (የግቢው የበላይ ኃላፊ) ዳንኤል አልድሪች የአፈር ሳይንስ ባለሙያ ነበሩ፤ መናፈሻው ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እናንተም አፈሩን አስመርምሩና ችግኙን ከሕንፃው መሠረት አስቀድሙ። ከባድ መኪና የተመላለሰበት አፈር ተጠቅጥቆ ሥር አያሳልፍም፤ የግንባታውን መግቢያ በውጭው በኩል አድርጉት።