ለልምምድ ሀዋሳ ልትመጡ ነው? መጀመሪያ ከሲስተሮቹ ተዋወቁ

ክረምት ሲመጣ ውጭ አገር ሕክምና የሚማሩ ልጆቻችን ለልምምድ ሀዋሳ ብቅ ይላሉ። ምን ዓይነት ኬዝ እንደሚያዩ ሁሉም ይጠይቁኛል። ስለ ነርሶቹ የሚጠይቀኝ ግን የለም። እኔም ውጭ ተምሬ የተመለስኩ ነኝና አልፈርድባቸውም። ዋርድ (ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል) ውስጥ የሚኖራችሁ ቆይታ የሚያምረውም የሚበላሸውም ግን በነርሶቹ ነው።

ራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ የሚያዩበት) ከመግባታችሁ በፊት የዋርዱን ኃላፊ ነርስ ፈልጉ። ስማችሁን፣ ስንተኛ ዓመት እንደሆናችሁ፣ ምን እንደተፈቀደላችሁና ምን እንዳልተፈቀደላችሁ ንገሯት። ለታካሚው ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። እሷ ግን የማንን ትእዛዝ እንደምትፈጽም ማወቅ አለባት። ሴቶቹን «ሲስተር» በሏቸው። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉትን «አንቺ» እንዳትሉ፤ ውጭ ስላደጋችሁ ይቅር ይሏችኋል፣ ልብ ማለታቸው ግን አይቀርም።

ቻርት (የታካሚው መዝገብ) ላይ ሰዓት ካያችሁ ጠይቁ፦ በሐበሻ ነው በፈረንጅ? በየስምንት ሰዓቱ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ታዘዘ እንበል። እናንተ «8» ስትሉ ጠዋቱን አስባችሁ ነው። ነርሷ በሐበሻ ካነበበችው ግን ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ነው። መድኃኒቱ በስድስት ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። ኢንሱሊን ላይም «ዩኒት» የሚለውን በሙሉ ጻፉት። በላቲን ፊደል «U» ብላችሁ ካሳጠራችሁት ፊደሏ ዜሮ ትመስልና 10 የነበረው 100 ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ለሆስፒታሎች ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን አጻጻፍ ከከለከላቸው ውስጥ ያስገባው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሲስተር «ይሄ ስንት ነው?» ብላ ከመጣች አትኮሳተሩ። አመስግናችሁ አርሙ።

ቋንቋም አለ። ከገጠር የመጣው ታካሚ ሲዳምኛ ብቻ ሊናገር ይችላል፤ ከሻሸመኔ በኩል የመጣው ኦሮምኛ። ብዙ ጊዜ የምታስተረጉምላችሁ ነርሷ ናት፣ ያውም ሃያ ሥራ ጥላ። ጥያቄያችሁን አሰባስባችሁ በአንዴ ጠይቁ። መድኃኒት በምታድልበት ሰዓት አትጥሯት።

ዲዩቲ ስታድሩ ደግሞ ይቺን ያዙ። ነርሷ ሌሊት መጥታ «ይሄ ልጅ አላማረኝም» ካለቻችሁ ተነሱና ሂዱ። ትኩሳቱ ስንት ነው፣ ትንፋሹ ስንት ነው እያላችሁ ወንበር ላይ ሆናችሁ አትከራከሯት። ልጁን ከምሽት ጀምራ እያየችው ነው። ጡት እምቢ ማለቱን፣ ለቅሶው መድከሙን ከእናንተ ቀድማ አይታለች። ሬዚደንቱንም (ስፔሻሊቲ የሚማረውን ሐኪም) ወዲያው ጥሩ። ምንም ካልተገኘም በምን ምልክት ድጋሚ እንደምትጠራችሁ ተስማሙ። «በከንቱ ቀሰቀሽኝ» የሚል ፊት ካሳያችኋት በሚቀጥለው ታመነታለች፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው።

የተቀረው ቀላል ነው። የተጠቀማችሁበትን መርፌ ራሳችሁ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣሉ። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) አልገባ ካላችሁ «ሲስተር፣ እስቲ አሳዩኝ» በሉ፤ የሕፃን ደም ሥር በማግኘት ስንቱ ዶክተር አይደርስባቸውም። ቡና ሲጠሯችሁ ሥራ አለብኝ አትበሉ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደን አሳ እንብላ ካሏችሁማ፣ በቃ ገብታችኋል። ሂሳቡን ለመክፈል ቀድማችሁ ተነሱ። አይሆንም ይሏችኋል፣ ቢሆንም ተነሱ።

ጓንት ወይም የግፊት መለኪያ ይዛችሁ ከመጣችሁ ለዋርዱ ኃላፊ አስረክቡና ይመዝገብ። ለወደዳችኋት አንዲት ነርስ ለብቻዋ ከሰጣችሁ ከባልደረቦቿ ታጣሏታላችሁ። ፎቶ ከታካሚ ጋር ጭራሽ አይሆንም፤ ከሲስተሮቹም ጋር ቢሆን አስፈቅዳችሁ።