የአባባን ደብተሮች ምን እናድርጋቸው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ቤት ወረቀት ናቸው። ደብተር፣ ደብዳቤ፣ የግል ማስታወሻ። ሃያ ስድስት ዓመት በቤተ መዛግብት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና፣ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚለኝ ጥያቄ የለም። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምጽፍልዎት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አባታችን መምህር ነበሩ። ባለፈው ዓመት አረፉ። ደሴ ባለው ቤታቸው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ትተዋል። ውስጡ 14 የማስታወሻ ደብተሮች፣ ደብዳቤዎች፣ ደረሰኞችና ቁርጥራጭ ወረቀቶች አሉ። ቤቱ ሊሸጥ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጥሩ ጥሩውን መርጦ በመጽሐፍ ማሳተም ይፈልጋል፤ የቀረው ይጣል ይላል። ታናሽ እህቴ ደግሞ ሁሉንም እሳት ይብላው ትላለች። አባባ ስለ እስር ዓመታቸውና ስለ አንዳንድ ዘመዶቻችን የጻፉት ከባድ ነገር አለ። ምን እናድርግ? ለማን ይሰጣል? ከሰጠነውስ ማን ያነበዋል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት። በዚህ ወር ማንም ምንም አይጣል። ምንም አይመረጥ። ቤቱ ይሸጥ፤ ሳጥኑ ግን እንደተዘጋ አንድ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ ይሁን፣ ከግድግዳውም ትንሽ ራቅ ይበል። እርጥበትና ምስጥ የሚመጡት ከሥር ነው።

ለምን እንዲህ እንደምለምን ከራሴ ቤት ልንገርዎት።

በ1970 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ፍተሻ ሊመጣ ነው ተብሎ በተወራ ማግሥት፣ እናቴ የአባቴን ደብተሮች በሙሉ ምጣድ ሥር ማገደቻቸው። የዚያን ቀን እንጀራ የተጋገረው በእነሱ ነው። አልፈርድባትም። በዚያ ዘመን አንዲት ወረቀት ሰው ታስገድል ነበር። ስንቱ ቤት እንደዚሁ አቃጠለ፣ ስንቱ ጓሮ ቆፍሮ ቀበረ። አባቴ ከዚያ በኋላ አንድ መስመር ሳይጽፍ ሞተ።

የተረፈችው አንዲት ቅጠል ወረቀት ናት። የቁም ሳጥን መሳቢያ ውስጥ ተነጥፋ ስለነበር ማንም አላያትም። የወር ወጪ ዝርዝር ናት። ስኳር፣ ላምባ፣ የቤት ኪራይ። «ለልጅቱ ጫማ» ይልና ተሰርዟል። ከታች እንደገና «ለልጅቱ ጫማ» ተብሎ ተጽፏል። በሁለተኛው ጊዜ የተሰረዘው ስኳሩ ነው።

ልጅቱ እኔ ነኝ።

ወንድምዎ «ጥሩ ጥሩውን» ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጥለው እንዲህ ያለውን ወረቀት ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም። ማንም እንደዚያ ያደርጋል። ደረሰኝ ቆሻሻ ይመስላል። ግን የአባትዎ ደብተር «ዛሬ ተጨንቄ ዋልኩ» ብሎ ሲያልፍ፣ ምን እንዳስጨነቃቸው የሚናገረው በዚያው ገጽ መሐል የተሰካው ደረሰኝ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ከለያያችኋቸው ሁለቱም ዲዳ ይሆናሉ። ቤተ መዛግብት ስንሠራ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፦ የሰውን ወረቀት እሱ ባስቀመጠው ቅደም ተከተል ጠብቅ። ስለዚህ ሳጥኑ የተከፈተ ዕለት አንድ ሰው በስልክ ፎቶ ያንሳ። መጀመሪያ ከላይ እንዳለ። አንድ ድርብ ሲነሣ ደግሞ እንደገና። እስከ ታች ድረስ እንደዚያው። ከዚያ ወረቀቱ እንደነበረ ይመለስ።

አሁን ወደ እህትዎ ፍርሃት ልምጣ። ፍርሃቷ እውነተኛ ነው፤ እንዳትንቁት። ግን በማቃጠልና ለሁሉ ገልጦ በመስጠት መካከል ሌላ መንገድ አለ። ወረቀት ሲሰጥ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይቻላል። «ከ1 እስከ 9 ያሉት ደብተሮች ለማንኛውም አንባቢ ክፍት ናቸው። ከ10 እስከ 14 ያሉት ለ30 ዓመት ይዘጉ» ማለት ትችላላችሁ። ቁጥሩ የእናንተ ነው። የተነካባቸው ሰዎች በሕይወት እስካሉ ድረስ ይዘጋ ማለትም ይቻላል።

መቆየት ነውር አይደለም። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወት ታሪክ ያስቡ። በልጅነታቸው ከአድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ኢጣልያ ልትወርረን ስትዘጋጅ በጄኔቭ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የቆሙልን ሰው ናቸው። የጻፉት የገዛ ታሪካቸው ታትሞ የወጣው በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው። እሳቸው ካረፉ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። የልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው»ም እንዲሁ ደራሲው ካለፉ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2002 ዓ.ም. ታተመ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ሰው ወረቀቱን ጠብቆታል። በየቤቱ ሲጸዳ፣ ሲታደስ፣ ዕቃ ሲጓጓዝ አልጣለውም። ያ ሰው ባይኖር ዛሬ ምን እናነብ ነበር?

ለወንድምዎም አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ብቻውን ማሳተም አይችልም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ጸሐፊ መብት እሱ ካለፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ ለወራሾቹም ያልፋል። ወራሾቹ ደግሞ ሁላችሁም ናችሁ። ደብዳቤዎቹ ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰዎች ለአባትዎ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ወረቀታቸው የእናንተ ነው፤ ቃሉ ግን የጻፈው ሰው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 31 ምስጢርነት ያለው ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳያወጣ ይከለክላል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ መጽሐፍ አሳትሞ ተጣልቷል።

ለማን ይሰጣል ላሉኝ፦ አዲስ አበባ ወመዘክር አለ፤ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ነው። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ። ወረቀቱ ከተወለደበት አገር እንዳይርቅ ከፈለጋችሁ፣ እዚያው አካባቢ ያለ ዩኒቨርሲቲም ጠይቁ። እኔ ብሆን ሦስቱንም በአካል ሄጄ አያለሁ። መደርደሪያው ንጹሕ ነው? ጣሪያው አያፈስም? አንባቢ ሲመጣ ማን ይቆጣጠራል? አትፈሩ፣ ጠይቁ።

ስትሰጡም በቃል አትስጡ። ስጦታ ነው ወይስ አደራ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስጦታ ከሆነ አይመለስም። አደራ ከሆነ ትወስዱታላችሁ። ይህ በጽሑፍ ይስፈር። ስንት ደብተር፣ ስንት ደብዳቤ፣ የቱ የተዘጋ፣ እስከ መቼ። የተረከበው ሰው ይፈርም፣ ማኅተም ይደረግበት፣ ቅጂው ለሦስታችሁም ይድረስ። እኔ ራሴ ዝርዝር ሳይሠራለት በገባ ሳጥን ምክንያት አንዲት እናት ስታለቅስ አይቻለሁ። ሳጥኑ ነበረ። ውስጡ ምን እንደነበረ ግን ማንም ማስረዳት አልቻለም።

አንድ ነገር ብቻ አይቆይም። አባባ በደብተሩ «ጓድ ተ.» ወይም «ያ የቀበሌው ሰው» ብለው ከጻፉ፣ ማን እንደሆነ የሚያውቁት እናትዎ ወይም አክስትዎ ናቸው። በሕይወት ካሉ ነገ ይደውሉላቸው። ፎቶዎቹን እያሳዩ በቪዲዮ ይጠይቁ፣ ይቅዱም።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው። የአያቴ ደብዳቤዎች ዓመት አልተጻፈባቸውም። አንዱ «የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ሐሙስ ማታ፣ ዘመነ ማቴዎስ» ብቻ ይላል። አያቴ በ1940 ተወልደው በ1968 ነው ያረፉት። ዓመቱን ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል! እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ሥራ ቦታ እንሻማ ነበር።

ዘመነ ማቴዎስ በየ4 ዓመቱ ይመጣል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምሩና ለ4 ያካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ ነው። ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። በአያትዎ ዕድሜ ውስጥ ማቴዎስ የሆኑት 1941፣ 1945፣ 1949፣ 1953፣ 1957፣ 1961 እና 1965 ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ኅዳር 12 ሐሙስ የዋለው በ1961 ብቻ ነው። ዕለቱ፣ ቀኑና ወንጌላዊው እንደገና የሚገጥሙት በየ28 ዓመቱ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረው 1933፣ ቀጥሎ ያለው 1989 ነው። በ1933 አልተወለዱም፤ በ1989 የሉም። ስለዚህ ደብዳቤው የተጻፈው ኅዳር 12 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። የ20 ወይም የ21 ዓመት ወጣት ነበሩ ማለት ነው።

ይህን በእርሳስ ብቻ፣ ከጀርባው ጥግ ላይ፣ ቀስ ብለው ይጻፉት። በቅንፍ ውስጥ ያድርጉት፤ እርስዎ ያወጡት እንጂ አያትዎ የጻፉት እንዳልሆነ እንዲታወቅ። በእስክሪብቶ ፈጽሞ። ፖስታውንም አይጣሉ። ማኅተሙ ላይ ከተማው ሊነበብ ይችላል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከሐዋሳ። እናቴ ለአባቴ የጻፈችው ደብዳቤ እጥፋቱ ላይ እየተቀደደ ነው። ላሚኔት ላስደርገው?

መልስ፦ አታስደርገው፣ ልጄ። ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳል፤ ፕላስቲኩም አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም። ፕላስተርም አትለጥፍበት፤ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ቀለሙን ይበላል። ስፒልና አግራፍ ካለበት ዝገቱ ሳይዛመት ቀስ አድርገህ አውጣ። እጅህን ታጠብ፣ በደንብ አድርቅ፣ ደብዳቤውን ዘርጋ፣ ንጹሕ ነጭ ወረቀት መሐል አድርገህ ካርቶን ፎልደር ውስጥ አስተኛው። ፌስታል ውስጥ አታፍነው፤ ይሻግታል። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሳው። ለእህቶችህ በቴሌግራም ስትልክ በፋይል መልክ ላክ፤ በተራ ፎቶ ከላክኸው ጥራቱ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ጅዳ ከመጣሁ 9 ዓመቴ ነው። የቤት ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ እጽፋለሁ። መጀመሪያ በካላንደር ጀርባ ነበር፤ አሁን ስልኬ ላይ ነው። ልጄ አገር ቤት ከእናቴ ጋር ናት፤ ስመጣ የ2 ዓመት ልጅ ነበረች። አንዳንዴ ሁሉንም ላጥፋው እላለሁ። የኔ ቢጤ ተራ ሰው የጻፈው ለማን ይጠቅማል?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። መልእክትሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አታጥፊው። እባክሽ።

በሠራሁበት መደርደሪያ ላይ ሚኒስትር አለ። ራስ አለ፣ ደጃዝማች አለ፣ አምባሳደር አለ። በሴት እጅ የተጻፈ ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። ሰው ቤት ውላ የምታድር ሴት በገዛ ቃሏ የጻፈችው አንድም አላጋጠመኝም። ስንት ሺህ እህቶቻችን በዓረብ አገር አሉ። ስለነሱ ሌላ ሰው ጽፏል። እነሱ ራሳቸው የጻፉት የታለ?

ደግሞ ትዝታ የሹመት ነገር አይደለም። አለቃ ለማ ኃይሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ እንጂ ባለሥልጣን አልነበሩም። ልጃቸው ደራሲ መንግሥቱ ለማ ከአንደበታቸው ተቀብሎ «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ በ1959 ዓ.ም. አሳተመው። ስለ ድሮ የተማሪ ሕይወት፣ ስለ ቅኔ ቤት ዛሬም እሱን እናነባለን። መጻፍ ሲደክምሽ አንቺም ተናገሪው፤ ስልክሽ ላይ ቅጂው። ድምፅሽ ራሱ ለልጅሽ ሌላ ሀብት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይወሰዳል። የጻፍሽውን በየወሩ ለምታምኛት አንዲት ሰው በፋይል ላኪ። የአሠሪዎችሽን ስም አትጻፊ፤ «እመቤቷ»፣ «ትልቁ ልጅ» በይ፣ ለአሁኑ ደኅንነትሽ ይበልጣል። አገርሽ ስትገቢ ሁሉንም በወረቀት ፕሪንት አስደርጊ። በመጀመሪያው ገጽ ሙሉ ስምሽን፣ የተወለድሽበትን ቦታና ዓመት፣ ከአገር የወጣሽበትን ቀን ጻፊ። ስንት እንደተከፈለሽና ስንት እንደላክሽም ጻፊ። ምን እንደበላሽ፣ የት እንደተኛሽ፣ በየትኛው ሰዓት እንደነቃሽ። ለአንቺ የሰለቸ ነገር ነው፤ ለሚያነበው ሰው ግን ዋናው እሱ ነው። ልጅሽ ስንት ዓመት ሲሞላት ታንብበው የሚለውን አንቺ ወስኚ፤ እሱንም እዚያው ጻፊው።

የካላንደሮቹን ፊትም ቀድደሽ እንዳትጥይው። በጀርባው የጻፍሽበትን ወር ከፊት ለፊት ገልብጠሽ እዪ። ክብ ያደረግሽበት ቀን ይኖራል። ምን እንደነበረ ከረሳሽው በፊት ከጎኑ ጻፊበት፦ ብር የላክሽበት ይሁን፣ ልጅሽ ትምህርት ቤት የገባችበት።